በሬውስ የት ተጻፈ?

ፌስታሉ ጥቁር ነው። አፉ በሲባጎ ታስሯል። የአጎቴ ሚስት ከቆላ ድባ ይዘውት መጡና ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ያለው ቤቴ ወለል ላይ ዘረገፉት። ውስጡ ደረሰኝ ብቻ ነው። የካርድ፣ የራጅ፣ የጓንት፣ የጎዝ፣ የግሉኮስ፣ የመርፌ። አንዳንዱ ቀለሙ ለቆ ባዶ ወረቀት መስሏል። አንዱ ላይ የወጥ ጠብታ አለ። አጎቴ ፍራሽ ላይ እግራቸውን ዘርግተው "እስቲ ደምርልኝ ልጄ፤ ስንት እንደበላኝ ልወቀው" አሉኝ።

በስልኬ ደመርኩ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ድምሩን ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ "በሬውስ የት ተጻፈ?" ብለው ጠየቁኝ።

በሬው የትም አልተጻፈም። ሐምሌ ላይ፣ ልክ የጤፍ መዝሪያ ሲደርስ የተሸጠ በሬ ነው። ገበያ ላይ በሬውን ለሸጠ ሰው ደረሰኝ የሚቆርጥለት የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄያቸው አልለቀቀኝም። ሆስፒታል ውስጥ ይዞ፣ "ድኗል" ከተባለ በኋላ ተመልሶ የሚመጣ ኢንፌክሽን ስንት ያስከፍላል ሲባል የምንቆጥረው ወረቀት ላይ ያለውን ነው። ትልቁ ወጪ ግን ወረቀት ላይ የለም። ያልተጻፈ ወጪ በጀት ለሚይዘው ሰው አይታይም። ስለማይታይም፣ በትንሽ ገንዘብ ሊቀር የሚችል መከራ ሳይቀር ይኖራል።

ታሪኩ አጭር ነው። አጎቴ አምና ግንቦት መጀመሪያ ላይ ከአይሱዙ ጭነት ላይ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቶ ነበር። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ሆስፒታል ገቡ። ብረት ገባላቸው፤ በ9ኛው ቀን ወጡ። ሁላችንም ተመስገን አልን። ሰኔ አጋማሽ ላይ ቁስሉ መርጠብ ጀመረ። ቀጥሎ መግል መጣ። ተመልሰው ገብተው 12 ቀን ተኙ። ቁስሉ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ ታጠበ፣ መርፌ ተወጉ፣ ደረቀ። መስከረም ላይ እንደገና አመረቀዘ። በዚህኛው ዙር 27 ቀን ተኙ። የውስጡ ብረት ወጥቶ ከውጭ በሚታሰር ብረት ተተካ።

9 ቀን ለስብራቱ፣ 39 ቀን ለኢንፌክሽኑ።

የእሳቸው ጉዳይ የተለየ ቢሆን ኖሮ የቤተሰብ ጨዋታ አድርጌ እተወው ነበር። የተለየ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በድሃና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ለሕክምና ከሚተኙ 100 ሰዎች 15ቱ እዚያው ሳሉ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። በሀብታም አገሮች ቁጥሩ 7 ነው። ከተያዙት ውስጥ በአማካይ ከ10 አንዱ በዚሁ ይሞታል። ያው ሪፖርት ሌላም ነገር ይላል፤ እጅ በአግባቡ ቢታጠብና ወጪያቸው አነስተኛ የሆኑ ሌሎች ጥንቃቄዎች ቢደረጉ ከእነዚህ ኢንፌክሽኖች 70 በመቶው ይቀር ነበር። ይህን ቁጥር ሳነብ ፌስታሉ ትዝ ይለኛል።

ለምን ተመልሶ ይመጣል?

ብዙ ሰው ቁስል ሲያመረቅዝ "ሽታ መትቶት ነው" ይላል። እኛም ቤት እንዲሁ ተባለ። ቡና እንዳይቆላ፣ ሽቶ የተቀባ ሰው እንዳይገባ ተከለከለ። በሩ ተዘጋ። የሚያሳዝነው ግን ሽታውን ስንከላከል እጃችንን ረስተን ነበር። ጠያቂ ሁሉ ከአውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ እግራቸውን ይዳብሳል፤ ፋሻውን ገለጥ አድርጎ ያያል። ምሕረቱን ይላክልዎ ብሎ ይሄዳል። ፍቅር ነው፤ አልወቅስም። ግን ባክቴሪያ የሚሄደው በእጅ ነው።

ኢንፌክሽን ተመልሶ የሚመጣበት መንገድ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው፣ ሳይጠፋ የቀረው ነው። ለረጅም ጊዜ ውሃ የተቀመጠበት ጀሪካን ውስጥ እጅዎን ከተው ያውቃሉ? ግድግዳው ያዳልጣል። ውሃውን ደፍተው ቢያለቀልቁትም ያ የሚያዳልጥ ነገር አይለቅም፤ በደንብ መታሸት ይፈልጋል። ባክቴሪያም እንዲሁ ያደርጋል። አጥንት ውስጥ በገባ ብረት፣ በሽንት ቱቦ፣ ደም ሥር ውስጥ በተተከለ ካኑላ (መድኃኒት ማስገቢያ ቀጭን ቱቦ) ላይ ይለጠፍና የሚያዳልጥ ሽፋን ሠርቶ ከሥሩ ይደበቃል። ባዮፊልም ይባላል። እዚያ የተደበቀን ባክቴሪያ ለመግደል በነፃ ከሚንሳፈፈው እስከ 1,000 እጥፍ የሚደርስ መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል። ያን ያህል መድኃኒት ደግሞ ሰውነት አይችልም። መርፌው ላይ ላዩን ያለውን ይገድላል፣ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ቁስሉ ይደርቃል፤ ሥሩ ግን አለ። ብረቱ እስካልወጣ ወይም በደንብ እስካልታጠበ ድረስ ይጠብቃል።

ሁለተኛው፣ መድኃኒቱ የማይነካው ባክቴሪያ ነው። ክሌብሲዬላ፣ ኢ ኮላይ፣ አሲኔቶባክተር የሚባሉት ሆስፒታል ውስጥ የሚዘወተሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ቆራርጦ የሚጥል ኢንዛይም ያመርታሉ። ለእንደዚህ ዓይነቱ ባክቴሪያ ሴፍትሪያክሶን መስጠት ውሃ እንደመስጠት ነው። እንዲያውም ይብሳል፤ መድኃኒቱ ደካሞቹን ጠርጎ ለጠንካሮቹ ቦታ ይለቅላቸዋል።

ሦስተኛው፣ አዲስ መያዝ ነው። የመጀመሪያው በእርግጥ ድኗል። ሰውየው ግን ተመልሶ እዚያው አልጋ ላይ ተኛ፣ እዚያው እጅ ነካው፣ ሌላ ያዘው።

የትኛው እንደሆነ የሚለየው ካልቸር ነው። ከቁስሉ፣ ከሽንቱ ወይም ከደሙ ናሙና ይወሰድና ባክቴሪያው ላቦራቶሪ ውስጥ ይበቅላል። ከዚያ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይሞከራል። ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ናሙናው መወሰድ ያለበት ደግሞ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ለአጎቴ ካልቸር የተሠራው መስከረም ላይ፣ በሦስተኛው መኝታ ነው። ሰኔ ላይ ቢሠራ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ላቦራቶሪው ኬሚካል አልቆበት ነበር ይሆናል፤ ሐኪሙ መልሱ እስኪመጣ መጠበቅ አልችልም ብሎ ይሆናል። በግምት መጀመር ግድ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ይገባኛል። የሚያስከፍለው ግን በግምት መጀመሩ ሳይሆን በግምት መቀጠሉ ነው።

ከአንድ መርፌ ወደ ሦስት መርፌ

ወጪው እንዴት እንደሚያድግ በቅርብ ላሳይ። ሴፍትሪያክሶን በአገራችን ሆስፒታሎች በጣም ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ይሰጣል። ባክቴሪያው ለእሱ እምቢ ሲል ሐኪሙ ሜሮፔነም ወደሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ ሊሄድ ይችላል። ሜሮፔነም በየ8 ሰዓቱ ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ። ለ14 ቀን ከታዘዘ 42 መርፌ ይሆናል። የአጥንት ኢንፌክሽን ሲሆን ደግሞ ሕክምናው በተለምዶ 6 ሳምንት ይዘልቃል። ሁሉም በመርፌ ይሰጥ ቢባል 126 መርፌ ነው። የአንዱ ሜሮፔነም ዋጋ ደግሞ ከአንዱ ሴፍትሪያክሶን በብዙ ይበልጣል። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ሲሪንጅ አለ፣ መበጥበጫ ውሃ አለ፣ ጓንት አለ። ደም ሥሩ ሲያብጥ ካኑላው ይቀየራል። እያንዳንዱ አዲስ ካኑላ ደግሞ አዲስ በር ነው።

መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ ካለ መልካም። ከሌለ "ውጭ ግዙ" ይባላል። አስታማሚ ወረቀቱን ይዞ ከአንዱ ፋርማሲ ወደ ሌላው፣ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ይዞራል። በዚህ አገር አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህ በጋዜጣ የኢኮኖሚ ዜና ነው። ዋርድ ውስጥ ግን የማታው መርፌ ነው። የአጎቴ ልጅ አንድ ማታ ሁለት መርፌ ብቻ ይዞ ተመለሰ፤ ለሦስተኛው አልበቃውም። የአጠገብ አልጋ አስታማሚ አበደሩት። ሰው ለሰው መድኃኒት የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ግን አንድ ሕክምና በጎረቤት ብድር ላይ መቆም አልነበረበትም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ አንቲባዮቲኮችን በሦስት ይከፍላቸዋል። እንደ ልብ ሊገኙ የሚገባቸው፣ በጥንቃቄ የሚታዘዙ እና ለክፉ ቀን የሚቀመጡ። ሴፍትሪያክሶን ያለው ከሁለተኛው ነው፤ ሜሮፔነምም እንዲሁ። እኛ ጋ ግን ሴፍትሪያክሶን ከመጀመሪያዎቹ እንደ አንዱ ነው የሚታየው። ለኦፕራሲዮን መከላከያ ተብሎ ለቀናት የሚሰጥበት ጊዜ አለ። የድርጅቱ መመሪያ የሚለው ሌላ ነው፤ የመከላከያ መድኃኒት የሚሰጠው ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ ለመከላከል ብቻ ተብሎ አይቀጥልም። መቀጠሉ ለታማሚው አይጠቅምም። ገንዘብ ያስወጣል፣ ባክቴሪያውንም ያለማምዳል።

መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ምን እንደሚያደርግ በዓለም ደረጃ ተቆጥሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ በዚህ ምክንያት እንደሞተ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ትልቅ ጥናት ገምቷል። ከፍተኛው የሞት መጠን የተመዘገበው ከሰሃራ በታች ባለው ምዕራብ አፍሪካ ነው። ብዙ አንቲባዮቲክ የሚውጠው ሀብታሙ ዓለም ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይገረም ይሆናል። የሚገድለው ግን የመድኃኒቱ መብዛት ብቻ አይደለም፤ ትክክለኛው መድኃኒት በትክክለኛው ሰዓት አለመገኘቱም ነው።

ያልተጻፈው ሂሳብ

አሁን ወደ በሬው ልመለስ።

ፌስታሉ ውስጥ ያልነበሩትን አጎቴና ሚስታቸው እየነገሩኝ እኔ በሌላ ወረቀት ጻፍኩ። መጀመሪያ በሬው። አንድ በሬ ሲሸጥ የቀረው አንዱ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ መሬቱ ለእኩል ተሰጠ። ይኼ ማለት በዚያ ዓመት ከምርቱ ግማሹ የሌላ ሰው ነው። ጤፉም ሽምብራውም። ከቆላ ድባ ጎንደር 35 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ቁስል ለማሳጠብ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ ማንም አልቆጠረም። እግር ዘርግቶ በሚኒባስ መሄድ አይቻልም፤ ኮንትራት ይያዛል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቀጠሮ ያልፋል። በፋሻ የታሰረ ቁስል ግን መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም።

ከዚያ ልጃቸው። አዘዞ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ባጃጁ የሰው ነው፤ ማታ ማታ ገቢ ያስገባል። በመጀመሪያው መኝታ ጓደኛው ተካለት። በሁለተኛው ባለቤቱ ታገሠ። በሦስተኛው ባጃጁ ለሌላ ሰው ተሰጠ። 27 ቀን ሙሉ ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፎ አደረ። ምግቡን እኛ ቤት እናመላልስ ነበር፤ ዘመድ የሌለው ከሆቴል ነው የሚበላው። ከደባርቅ፣ ከመተማ፣ ከአይከል የመጣ ሰው ክፍል ይከራያል። የሕመሙ ወጪ የሚባለው ከዚህ ሁሉ የትኛው ነው?

አጎቴ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናቸው። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር አማራ ክልል አንዱ ነበር። ትልቅ ነገር ነው፤ ባይኖር ኖሮ ፌስታሉ ሁለት ይሆን ነበር። አልጋውን፣ ካርዱን፣ ምርመራውን፣ ተቋሙ ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሸፍኗል። ውጭ የተገዛው ግን ከኪስ ነው የወጣው። ኮንትራቱ፣ የአስታማሚው ምግብ፣ ባጃጁ፣ በሬው ከመድን ውጭ ናቸው። አንድ ቤተሰብ ለጤና ያወጣው ከጠቅላላ ፍጆታው 10 በመቶ ሲያልፍ አሳሳቢ ነው የሚል ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ። ያ መለኪያም ቢሆን በሬውን አይቆጥርም። ለሕክምና የተከፈለውን ነው የሚቆጥረው።

ሆስፒታሉም ቢሆን ከስሯል። ለኢንፌክሽኑ የዋሉት 39 ቀኖች እንደ መጀመሪያው 9፣ 9 ቀን ቢከፋፈሉ አራት የተሰበሩ ሰዎችን ያስተኙ ነበር። እነዚያ አራት ሰዎች ማን እንደሆኑ አናውቅም። ምናልባት ወረፋ ሲጠብቁ አጥንታቸው ተጣሞ ጠግኗል። ምናልባት ወጌሻ ጋ ሄደዋል። የእነሱም ዋጋ የዚሁ ኢንፌክሽን ዋጋ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ይኼን ሂሳብ ሆስፒታሉ ራሱ እንዲከፍል ያደረጉበት መንገድ አለ። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት መድን ከጥቅምት 2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ታማሚውን እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ለያዙት የተወሰኑ ኢንፌክሽኖች ተጨማሪ ክፍያ አልከፍልም አለ። ከ2015 እ.ኤ.አ. የበጀት ዓመት ወዲህ ደግሞ በውጤታቸው ከታች ሩብ ውስጥ የሚገኙ ሆስፒታሎች ከክፍያቸው 1 በመቶ ይቀነስባቸዋል። እነሱም ቢሆኑ ችግሩን አልጨረሱትም። ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል የሚባል አንጀት የሚያሳምም ባክቴሪያ በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ጊዜ ያጠቃቸዋል፤ ከተያዙት ከስድስት አንዱን ከ2 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ይይዘዋል። የሚመጣው ብዙ ጊዜ አንቲባዮቲክ ደጎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎች ሲያጠፋ ነው። የዚህን ባክቴሪያ ዘር አልኮል አይገድለውም፤ ሳሙናና ውሃ ነው የሚያጥበው። እኛ ጋ ምርመራው በአብዛኛው ስለማይገኝ፣ አንቲባዮቲክ ሲወስድ የከረመ ሰው ተቅማጥ ሲይዘው ምግብ አልተስማማውም ተብሎ ያልፋል።

የሜዲኬርን ቅጣት እንዳለ እናምጣ አልልም። ውሃ የሌለውን ሆስፒታል መቅጣት ያለውን ጥቂት ነገር መንጠቅ ነው። የምወደው ሐሳባቸውን ነው፤ ኢንፌክሽኑ አንድ ሰው ደብተር ላይ ይጻፋል።

ቧንቧው

አጎቴ በተኙበት ዋርድ አንድ የእጅ መታጠቢያ ነበር። ሴራሚኩ ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው። ቧንቧውን ሲከፍቱት አየር ይተነፍሳል። ከሥሩ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል፤ ጎኑ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ቧንቧ ተበስታ ገብታለች። ሳሙናዋ አራት ቦታ ተቆርጣ አንዷ ቁራጭ በክር ተንጠልጥላለች። ያን ጀሪካን ጠዋት ጠዋት የምትሞላው የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች። እስከ አምስት ሰዓት ያልቃል። ከአምስት ሰዓት በኋላ ፋሻ የሚቀየርለት ሰው ምን ይሁን?

ጎንደር የሚኖር ሰው ይኼን ለማወቅ ሆስፒታል መሄድ አያስፈልገውም። ውሃ በፈረቃ ነው፤ አንዳንዱ ሰፈር ፈረቃውም ይረሳዋል። የአንገረብ ግድብ ደለል ገብቶበታል፤ ከተማው በጎን ሰፍቷል፤ የመገጭን ግድብ ስንጠብቅ ዓመታት አልፈዋል። ስለ ውሃ ስናወራ ስለ ልብስና ስለ ወጥ እናወራለን። የውሃ እጦት ግን ሴፍትሪያክሶን ሆኖ፣ ከዚያ ሜሮፔነም ሆኖ፣ ከዚያ በሬ ሆኖ ይከፈላል።

አንዲት ነርስ ብቻዋን ዋርዱን ሙሉ ይዛ ስታድር አይቻለሁ። እሷን መውቀስ ነውር ነው። ግን አንድ ነገር ደጋግሜ አየሁ፤ እዚያም ብቻ አይደለም። ጓንት ታጥልቆ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ይኬዳል። ጓንት የለበሰ እጅ ንጹሕ ይመስላል። በተመሳሳይ ጓንት ሁለተኛ ሰው ሲነካ ግን ጓንቱ የሚጠብቀው ለባሹን ነው፤ ታማሚውን አይደለም። ጓንት ውድ ስለሆነ ይቆጠባል። የተቆጠበው ጓንት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስወጣ የሚያሳይ ደብተር የለም።

ጎንደር ለዚህ ጉዳይ ባዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እዚህ ሲከፈት አንዱ መነሻ ደምቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ሥሩ እሱ ነው። ኮሌጁ ያኔ ያሠለጠነው የጤና መኮንን ብቻ አልነበረም፤ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያንም (የንጽሕና ባለሙያ) አብረው ነበሩ። ሕክምናና ንጽሕና አንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ቡድን ነበር የሚማሩት። ቆላ ድባ ጤና ጣቢያም ከመጀመሪያዎቹ የልምምድ ቦታዎች አንዱ ነበር። የአጎቴ አገር። መከላከል ይቅደም የሚለው ሐሳብ ለእኛ ከውጭ የሚመጣ ምክር አይደለም፤ ከዚሁ የወጣ ነው።

እንደሚቻልም ታይቷል። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ክሊን ከት በሚለው ፕሮግራሙ ከአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ጋር ሠርቶ ነበር። የሠሩት ተራ ነገር ነው። የእጅና የቆዳ ዝግጅት፣ የዕቃ ማምከን፣ የጨርቅ ንጽሕና፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ መስጠት፣ ጎዝ መቁጠር፣ የኦፕራሲዮን ጥንቃቄ ዝርዝሩን በትክክል መከተል። የኦፕራሲዮን ቁስል የመመርቀዝ ዕድል 35 በመቶ ቀነሰ። አዲስ ማሽን የለም፣ አዲስ መድኃኒት የለም።

እኔ ብጠየቅ ከሁሉ በፊት የምጀምረው ከመቁጠር ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ በአንድ ቁስል ሁለተኛ ጊዜ የተመለሰ ታማሚ ካርዱ ላይ ምልክት ይደረግበት። ይኼን ለማድረግ እስክሪብቶ ይበቃል። የጤና መድን ጽሕፈት ቤትም ዝም ብሎ ከፋይ መሆን የለበትም። የሚከፈልበት ወረቀት ሁሉ በእጁ ያልፋል፤ አንድ ስም በሦስት ወር ሁለቴ ሲመጣ ከማንም ቀድሞ ማየት የሚችለው እሱ ነው። ተመልሶ ለተኛ ሰው ካልቸር ሳይሠራ ሁለተኛ ዙር ሴፍትሪያክሶን እንዳይከፈል ቢያደርግ፣ ላቦራቶሪው ደግሞ ኬሚካሉ እንዳያልቅበት የካልቸሩን ክፍያ ቀድሞ ቢያስገባለት፣ የሚያተርፈው መድኑ ራሱ ነው።

ውሃው እስኪመጣ የሚሠራም አለ። የእጅ አልኮል ሆስፒታሎች በራሳቸው ፋርማሲ እንዲያዘጋጁት የዓለም ጤና ድርጅት ቀመሩን አውጥቷል፤ 80 በመቶ ኤታኖል፣ ጥቂት ግሊሰሮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። የቆሸሸ እጅን አያጸዳም፣ ያልኩትን የአንጀት ባክቴሪያም አይገድልም፤ ለሌላው ግን ቧንቧው አየር ሲተነፍስ እያንዳንዱ አልጋ እግር ሥር ሊንጠለጠል ይችላል።

ታማሚ ያለባችሁ ደግሞ አንዲት ጥያቄ ያዙ። የሽንት ቱቦ ወይም ካኑላ ካለ በየጠዋቱ "ይኼ ዛሬም ያስፈልጋቸዋል?" ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። የሽንት ቱቦ በገባበት ሰው ላይ በእያንዳንዱ ቀን ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመግባት ዕድሉ ከ3 እስከ 7 በመቶ ነው። በሥራ ብዛት የተረሳ ቱቦ ብዙ ነው፤ ጥያቄው ያስታውሳል። ማንም ሐኪም በዚህ አይቆጣም። ቢቆጣም ይቆጣ።

ባለፈው ሳምንት ቆላ ድባ ሄጄ ነበር። ቁስሉ ደርቋል። ከጉልበታቸው ዝቅ ብሎ አንዲት የስሙኒ ያህል ቦታ አሁንም ቀላ ትላለች። የአጎቴ ሚስት በየጠዋቱ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ያይዋታል። መሬቱ ዘንድሮም ለእኩል ነው። ልጃቸው ሌላ ባጃጅ አላገኘም፤ ቀን ሥራ ይሠራል። ፌስታሉን ጣሉት ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አልጣሉትም። ከግድግዳው ምስማር ላይ፣ ከመድን መታወቂያው ጎን ተሰቅሏል። እኔ የጻፍኩት ሁለተኛው ወረቀትም ውስጡ አለ፤ ከላይ "በሬ 1" ይላል።